ሂካ ተርጓሚው
የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ

በኢሉባቦር አገር፥ ሁሩሙ በምትባል ስፍራ አጠገብ፥ በ1856 ገደማ አንድ ልጅ ተወለደ። (በዚህ ታሪክ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ወላጆቹ ኦሮሞች ነበሩ፤ ስሙም ሂካ ይባል ነበር። ሂካ ማለት በኦሮሞ ቋንቋ ተርጓሚ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ልጁ ወደ ፊት ምን እንደሚሠራ አላወቁም ነበር።

ሂካ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ በእናቱ እጅ አደገ። አባት የሌለው ልጅ እንኳን በክፉ ዘመን በደግ ዘመንም ጠባቂው ጥቂት ነው፤ ያ ዘመን ደግሞ ክፉ ነበረ። ባሪያ ፈንጋዮች በየመንደሩ እየዞሩ ልጆችን ይሰርቁ ነበርና። ቡናና የዝሆን ጥርስ በሚጫንበት የነጋዴ ጉዞ ሰውም አብሮ ይነዳ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚፈለጉት ልጆች ነበሩ፤ ልጅ የመጣበትን መንገድ አያውቅም፥ ለማምለጥም ዐቅም የለውም፥ የአዲስ ጌታውንም ቋንቋ ቶሎ ይለምዳል።

በ1869 ፈንጋዮች ሂካን ያዙት፤ ከእናቱም ለዩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእርሱ አካል በገንዘብ የሚለወጥ ዕቃ ሆነ። አንዱ ለሌላው እየሸጠው በስምንት ጌቶች እጅ አለፈ። ስምንት ጊዜ ሰው ዋጋ ቈረጠበት፤ ስምንት ጊዜ ማን እንደሚያበላውና ማን እንደሚመታው ሳያውቅ ወደማያውቀው ቤት ገባ። ካርታ ያለው ተማሪ ከኢሉባቦር እስከ ምጽዋ ያለውን መንገድ በጣቱ ቢከተል፥ ልጁ በእግሩ ምን ያህል ተራራና ምን ያህል ወንዝ እንደ ተሻገረ ያያል። በመጨረሻም ቀይ ባሕር ዳር ደረሰ። ከዚያ ወደ ዐረብ አገር በመርከብ የተሻገረ ልጅ የተወለደበትን አገር ዳግመኛ አያይም ነበር።

ነገር ግን ሂካ አልተሻገረም። በምጽዋ ሙንዚንገር የሚባል አንድ የስዊስ አገር ሰው ነበረ። ይህ ሰው በ1870 ልጁን ከባርነት ነፃ አወጣውና በዚያው ለነበሩት ለስዊድን ሚስዮናውያን እንዲያስተምሩት ሰጠው።

እነዚህም ሚስዮናውያን ወደ ምጽዋ የመጡት በ1866 ነበረ። ያሰቡትም በምጽዋ ለመቀመጥ ሳይሆን ወደ ኦሮሞ አገር ገብተው ወንጌልን ለማስተማር ነበረ። መንገዱ ግን ተዘግቶባቸው ነበር። በባሕሩ ዳር በሐሩሩ ውስጥ ተቀምጠው አያሌዎቹ በንዳድ ሞቱ፤ የቀሩትም የመጡበት ነገር ከንቱ የሆነ ይመስላቸው ነበር። እነርሱ ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ ሲጸልዩ፥ አንድ የኦሮሞ ልጅ በባሪያ ነጋዴዎች ተነድቶ ወደ እነርሱ መጣ። ከክፉ ሥራ መልካም ነገር ይወጣል ብሎ ክፉን ሥራ ማመስገን አይገባም፤ ፈንጋዮቹ በዳዮች ናቸው፥ የእናቱም እንባ አልተካሰም። ይሁን እንጂ ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው።

ሂካ በትምህርት የሚተጋ ልጅ ሆነ። ማንበብና መጻፍ ተማረ፤ የክርስቶስንም ታሪክ ሰማ፥ መጸለይንም ለመደ። በ1872 መጋቢት 31 ቀን፥ በትንሣኤ በዓል፥ ተጠመቀ። ያን ጊዜም ኦኔሲሞስ የሚል ስም ተሰጠው። በሐዲስ ኪዳን ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ከጌታው ስለ ኰበለለ ባሪያ ይነገራል፤ የዚያ ባሪያ ስም ይህ ነው። በግሪክ ቋንቋም የሚጠቅም ማለት ነው። ጳውሎስ ያን ሰው እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም ይቀበሉት ዘንድ ለመነለት። ስምንት ጊዜ ለተሸጠ ልጅ ከዚህ የሚስማማ ስም አይገኝም።

ከጥቂት ዓመት በኋላም ሚስዮናውያኑ ወደ አገራቸው ወደ ስዊድን ሰደዱት። በስቶክሆልም አጠገብ ዮሐነሉንድ በሚባል የሚስዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተምሮ አስተማሪና ወንጌላዊ ሆነ። የስዊድንን ቋንቋ ዐወቀ፥ በረዶንም ለመደ። በዚያ በሰላም መኖር ይችል ነበር፤ በስዊድን የሚሸጠው አልነበረም፥ የሚያሳድደውም አልነበረም። እርሱ ግን ወደ ተሰረቀበት አገር መመለስን መረጠ። ልጆችን የሚሰርቁት ሰዎች ገና በየመንገዱ ሳሉ ወደዚያው መንገድ ለመግባት ቈረጠ።

ወደ ምጽዋ ተመልሶ ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገባ። ከሠርጉም በኋላ ብዙ አልተቀመጠም። በዚያ ዘመን ዐፄ ዮሐንስ የውጭ አገር ሚስዮናውያን በግዛታቸው እንዳያስተምሩ ከልክለው ነበርና፥ በመካከለኛው አገር አልፎ ወደ ወለጋ መድረስ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ኦኔሲሞስና ጓደኞቹ በሱዳን በኩል ዞረው ለመግባት ተነሡ። በሱዳን በረሃ አልፈው ብዙ ደክመው አሶሳ ደረሱ። ከዚያ ወለጋ ሩቅ አልነበረም፤ በደጁ ቆመው ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልቻሉምና ተመለሱ።

በመመለሻውም ኦኔሲሞስ በንዳድ ታሞ ለሞት ተቃረበ። በ1882 ሚያዝያ 10 ቀን ካርቱም ሲደርሱ በሱዳን የመሕዲ ጦርነት ተነሥቶ አገሩ ሁሉ ታውኮ አገኙት። በዚያች ከተማ በነበረው በስዊድን ሚስዮን ቤት ተጠጉ። ከብዙ ድካም በኋላ ወደ ምጽዋ አጠገብ ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ነገሩን በተወው ነበር፤ ማንም አይነቅፈውም ነበር። ኦኔሲሞስ ግን ከጥቂት ዘመን በኋላ እንደ ገና ሞከረ። በ1886 በሌላ መንገድ እስከ እንጦጦ ድረስ፥ ምኒልክ ንጉሠ ሸዋ ሳሉ ወደ ከተማቸው ደረሰ። ከዚያም ወዲያ እንዲያልፉ አልተፈቀደላቸውም፤ ሁለተኛ ተመለሰ።

ሁለት ጊዜ በሩ ተዘጋ። ኦኔሲሞስ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ቀድሞ የጀመረውን ሌላ ሥራ ያን ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ያዘ። እርሱ ወደ ኦሮሞ አገር መግባት ባይችል፥ መጽሐፍ ይገባ ይሆናል ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ ይተረጕም ጀመር። በዚህ ጊዜ ካሳተማቸው መጻሕፍት በአንዱ መቅድም ላይ የፈረመው በተወለደበት ስሙ፥ ሂካ ብሎ ነው።

ይህም ሥራ ሰው እንደሚገምተው ቀላል አልነበረም። ኦኔሲሞስ ከእናቱ ሲለይ ገና ልጅ ነበረ። ከዚያ በኋላ የኖረው በዐረብኛ፥ በትግርኛና በስዊድን ቋንቋ መካከል ነው። የልጅ ቋንቋ ለእንጀራና ለጨዋታ ይበቃል፤ የነቢዩ ኢሳይያስን ነገርና የጳውሎስን መልእክት ለመናገር ግን አይበቃም። ኦኔሲሞስም ይህን ጕድለቱን ዐወቀው። የተማረ ሰው፥ ያውም በአውሮፓ የተማረ፥ የገዛ ቋንቋዬን አሳምሬ አላውቅም ብሎ ማመን ይከብደዋል። እርሱ ግን ከአሶሳ መንገድ ይልቅ የሚከብደውን ይህን ድፍረት አገኘ፤ እንደ ተማሪም ሆኖ ከሌሎች ተማረ።

ያስተማረችውም በተለይ አንዲት ልጃገረድ ናት። ስምዋ አስቴር ጋኖ ነበረ። እርስዋም እንደ እርሱ በባርነት የተያዘች ነበረች፤ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት ባሪያ ሆና ኖራለች። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ትሸጥ ዘንድ በጀልባ ስትወሰድ የኢጣልያ መርከብ በባሕር ላይ ያዛቸውና ነፃ ወጣች። ከጓደኞችዋ ጋር ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ተወሰደች። ያን ጊዜ ገና አሥራ አራት ዓመት ያህል ነበራት። ነገር ግን ቋንቋዋ ሙሉ ነበረ፤ የአገርዋን ተረት፥ እንቆቅልሽ፥ ምሳሌና ዘፈን በልብዋ ይዛ መጥታ ነበር። ፈንጋዮቹ ሁሉን ነገር ሲወስዱባት ይህን መውሰድ አልቻሉም።

ኦኔሲሞስ የልጅቱን ማስተዋል አይቶ ቃላትን እንድትሰበስብ አዘዛት። እርስዋም ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል የኦሮሞ ቃል ሰብስባ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ደግሞም አምስት መቶ የሚሆን ተረት፥ ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን ጻፈች። ኦኔሲሞስ ከእርስዋና ነፃ ከወጡት ከሌሎች ኦሮሞች ጋር እየተቀመጠ እያንዳንዱን ቃል ይመረምር ነበር። ይህ ቃል በሊሙ እንዴት ይባላል፥ በወለጋስ እንዴት ይባላል እያለ ይጠይቅ ነበር። ባሮች የነበሩ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለማያውቋቸው ወገኖቻቸው መጽሐፍ ያዘጋጁ ነበር።

የጻፉትም በግእዝ ፊደል ነው። በኦሮሞ ቋንቋ ግን በግእዝ የሌለ ድምፅ አለ፤ ለዚያ ድምፅ በደ ላይ ምልክት ተጨምሮ ዸ ተብሎ ይጻፋል። የመጽሐፍ ቅዱስንም ስም መጫፈ ቁልቁሉ አሉት፤ ቁልቁሉ ንጹሕ፥ ቅዱስ ማለት ነው። እግዚአብሔርንም ዋቀዮ ብለው ጻፉ፤ ይህም የኦሮሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ፈጣሪውን ሲጠራበት የኖረው ስም ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ስም ቢያኖሩ ኖሮ ሰው ሁሉ ስለ ሌላ አምላክ የተነገረ ይመስለው ነበር።

በ1893 ሐዲስ ኪዳን በእምኩሉ ታትሞ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት በ1894 ደግሞ ለኦሮሞ ልጆች የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ ታተመ። ይህም እንደ ማንኛውም የተማሪ መጽሐፍ ከፊደል ጀምሮ ወደ ቃል፥ ከቃልም ወደ ታሪክ የሚወስድ ነው፤ አስቴር ከሰበሰበችው ተረትና ምሳሌ ብዙው በእርሱ ውስጥ አለ። በ1897 የብሉይ ኪዳን ትርጕም ተፈጸመ። ለማተምም ወደ ስዊዘርላንድ፥ ባዝል ከተማ አጠገብ ወዳለው ወደ ቅድስት ክሪሾና ተላከ፤ ኦኔሲሞስም በዚያ ኅትመቱን ተቈጣጠረ። በማተሚያ ቤቱ ያሉት ሠራተኞች ቋንቋውን አያውቁም፤ አንድ ነጥብ ቢሳሳት ቃሉ ይለወጣል። ስለዚህ ገጹን ሁሉ ፊደል በፊደል ማረም ያስፈልግ ነበር። በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮሞ ቋንቋ ታትሞ ወጣ።

በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። የአስቴር ስም አልተጻፈም። ይህ በዚያ ዘመን ልማድ ነበረ፤ ይሁን እንጂ ልማዱ ትክክል አልነበረም። ዐሥራ አምስት ሺህ ቃል የሰበሰበች እጅ በርዕሱ ገጽ አንድ መስመር ይገባት ነበር።

መጽሐፉ ቢታተምም ኦኔሲሞስ ገና ወደ አገሩ አልገባም ነበር። በ1904፥ ከተሰረቀ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፥ መንገዱ ተከፈተለት። ከአስቴርና ከሌሎች ኦሮሞች ጋር ወደ ወለጋ ሄዶ ነቀምት ገባ። የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ የቀድሞ ስማቸው ኩምሣ ሞረዳ፥ በክብር ተቀበሉት። በዚያም ቤት ሠራ፥ ትምህርት ቤትም ከፈተ። ልጆች ሊማሩ መጡ፤ በእናታቸው ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ሲያነቡ ደስታቸው ብዙ ነበረ። ኦኔሲሞስም በኦሮሞ ቋንቋ ሲሰብክ ሽማግሌው፥ ሴቱና ልጁ ሁሉ ያስተውለው ነበር።

ችግሩም ከዚህ ተነሣ። በአገሩ የነበሩት ካህናት የኦሮሞን ቋንቋ አያውቁም ነበርና ምን እንደሚያስተምር ሊያውቁ አልቻሉም። ሰው ደግሞ ያልተረዳውን ነገር ፈጥኖ ይጠረጥራል። ከባላባቶቹም ድኻው ሁሉ ማንበብ ከተማረ ማን ይታዘዘናል ብለው የሰጉ ነበሩ። ስለዚህ ኦኔሲሞስ ቅድስት ድንግል ማርያምን ተሳደበ ተብሎ ተከሰሰ። ካህናቱን ሁሉ በክፋት ሠሩት ማለት አይገባም፤ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መጠበቅ ግዴታቸው ነበረና። ክሱ ግን የሰውየውን ሕይወት የሚነካ ክስ ነበረ።

በ1906 በግንቦት ወር ኦኔሲሞስ ወደ አዲስ አበባ ተጠርቶ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። የከሳሾቹ ቃል ተሰማና ከአገር ይሰደድ ተብሎ ተፈረደበት። አምሳ ዓመት የሆነው ሰው፥ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲመኘው ወደ ኖረው አገር ከገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲሆነው፥ ዳግመኛ ከአገሩ ሊነቀል ሆነ። በልጅነቱ ፈንጋዮች አወጡት፤ አሁን ደግሞ ዳኞች ሊያወጡት ነው። ጸሎት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው እንጂ ለደስታ ቀን ብቻ አይደለም።

ነገሩም ወደ ዐፄ ምኒልክ ደረሰ። ዐፄ ምኒልክ የአቡኑን ፍርድ ለውጠው ኦኔሲሞስ ወደ ነቀምት ይመለስ፥ ከእንግዲህ ወዲህ ግን አይስበክ ብለው ፈረዱ። ይህ ፍርድ ምሕረትም ነበረ፥ ቅጣትም ነበረ። አገሩን ሰጠው፤ አፉን ግን ዘጋው።

እንግዲህ የኦኔሲሞስ ከባዱ ዘመን ይህ ነው፤ ከባርነቱም ከበረሃውም ይልቅ ይህ ሳይከብደው አልቀረም። በበረሃ ሰው ጠላቱን ያያል፥ ይሮጣል ወይም ይታገላል። ዐሥር ዓመት ሙሉ ዝም ማለት ግን የሚታይ ጀግንነት የለበትም። ኦኔሲሞስ ትእዛዙን አልተላለፈም፤ ሕዝብ ሰብስቦ አልሰበከም። ደግሞም አኵርፎ ወደ ምጽዋ ወይም ወደ ስዊድን አልተመለሰም። በየቀኑ ማልዶ ትምህርት ቤቱን ይከፍት ነበር፤ ልጆችን ፊደል ያስቈጥር ነበር። እንደ ገና ቢከሱት ስደት እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር፤ ይህ ፍርሃት በየቀኑ ከደጁ አልራቀም። እርሱ ዝም ቢልም መጽሐፉ ዝም አላለም፤ ማንበብ የተማረ ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ ለእናቱና ለአባቱ ያነብላቸው ዘንድ የሚከለክል ትእዛዝ አልነበረም። አስቴርም በዚያው ሴቶች ልጆችን ታስተምር ነበር።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እምነቱን እንዲሰብክ ፈቀዱለት። ልጅ ኢያሱ ብዙም ሳይቈዩ ከሥልጣን ወረዱ፤ ፈቃዱን ግን ማንም አልሻረውም። ኦኔሲሞስም ስድሳ ዓመት ሲሆነው አፉ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የተረጐማቸውን መጻሕፍት እያደለ፥ በኦሮሞ ቋንቋ እየሰበከ በነቀምት ኖረ። በ1931 ሰኔ 21 ቀን ሞተ። አስቴር ጋኖ ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ቈይታ በ1964 ዐረፈች።